ባዶ የመጣው ሠንጠረዥ

ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ ከሰዓት በኋላዬን በሙሉ አንድ ሠንጠረዥ ወሰደው። የሽያጭ መዝገባችን በአማዞን ኤስ 3 ማከማቻ፣ በዓመትና በወር ተከፋፍሎ ተቀምጧል። በኤስ 3 ያሉ ፋይሎችን ባሉበት ለመጠየቅ በሚያስችለው የአማዞን አገልግሎት፣ በአቴና ላይ፣ «ክሬት ኤክስተርናል ቴብል» (ውጫዊ ሠንጠረዥ ፍጠር) ብዬ የዓምዶቹን ስምና ዓይነት ጻፍኩ፤ ተፈጠረ። ስጠይቀው ግን አንድ ረድፍ እንኳ አልመለሰም። ልቤ ደነገጠ፤ መዝገቡ የጠፋ መሰለኝ።

አልጠፋም። ሠንጠረዡ መረጃውን በውስጡ አይዝም፤ የት እንዳለና እንዴት እንደሚነበብ ብቻ ያውቃል። የዓመትና የወር ክፍልፋዮቹ የት እንዳሉ ግን አላስመዘገብኩለትም ነበር። «ኤምኤስሲኬ ሪፔር ቴብል» የምትለው አንዲት መስመር ሁሉንም አመጣችልኝ። ይህን አሠራር ከልቤ ወደድኩት፤ ሠንጠረዡን ብሰርዘው እንኳ ፋይሎቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ለሚማር ሰው ትልቅ ምሕረት ነው!

ወደ ደሴ ስንወጣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር። እኔ ግን ነገ ፋይሎቹን ወደ ፓርኬት፣ የሚፈለጉትን ዓምዶች ብቻ ለማንበብ ወደሚያስችለው የፋይል ዓይነት፣ ስለመቀየር አስብ ነበር፤ አቴና የሚያስከፍለው ባነበበው መረጃ መጠን ነውና።