የእህቴ ልጅ፣ ሁለት ማሊያና አንድ ዓመት

ባለፈው ነሐሴ የእህቴ ልጅ ከስቶክሆልም መጥቶ ሦስት ሳምንት ባሕር ዳር ከእኛ ጋር ሰነበተ። ዕድሜው 17 ነው፤ እዚያ በአንድ ክለብ የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ በግራ ክንፍ ይጫወታል። አማርኛን የተማረው ከእናቱ አፍ ብቻ ስለሆነ አያቱን «አንቺ» እያለ ይጠራታል፤ እናቴም ሌላ ሰው ቢላት ኖሮ የምትቀየምበትን ቃል ከእርሱ ስትሰማው ትስቃለች። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ሜዳ ከሰፈር ልጆች ጋር ጭቃ ለጭቃ ይጫወት ነበር። ልጆቹ ከምንም በላይ የተመራመሩት ስለ ታኬታው ነው፤ የማን አገር ልጅ እንደሆነ ለማወቅ ብዙም አልጓጉም።

የጓጓነው እኛ አዋቂዎቹ ነን። ፀጉር አስተካካዩ፣ ባለሱቁ፣ የእናቴ የንስሐ አባት ሳይቀሩ ልጁን ባገኙት ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ለማን ልትጫወት ነው?» ልጁ ፈገግ ብሎ «ገና ነው» ይላል። አንድ ቀን ማታ ቡና ላይ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን «ዘር ከልጓም ይስባል፤ ለእኛ ነው የሚጫወተው» ብለው ነገሩን ቋጩት፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ራሴን በመነቅነቄ ስላፈርሁ ነው፤ ምክንያቱም ከጥቂት ቀን በኋላ ከእህቴ ጋር በስልክ ስንነጋገር፣ ጉዳዩ እኛ እንደምናወራው የፍቅር ጉዳይ ሳይሆን ቀን የተቆረጠለት የወረቀት ጉዳይ መሆኑን ተረዳሁ።

ፊፋ አንድን ተጫዋች የሚጠይቀው የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆነ ነው፤ ልቡ ወዴት እንደሚያዘነብል አይጠይቀውም። እህቴ ልጁን ስትወልድ በእጇ የነበረው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲሆን፣ አባቱ ግን አስቀድሞ የስዊድን ዜግነት ወስዶ ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ስለሆነ፣ ልጁ በእናቱ ኢትዮጵያዊ፣ በአባቱ ስዊድናዊ ሆኖ ተወለደ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ጥምር ዜግነትን አይቀበልም። በወላጁ የውጭ ዜግነት ወይም በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን ማቆየት እንደሚፈልግ ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በገዛ ፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ዝም ማለቱ ራሱ መልስ ሆኖ ይያዝበታል። የእህቴ ልጅ በመጪው ጥር 18 ዓመት ይሞላዋል።

እንግዲህ እኛ ቡና እየጠጣን «ለማን ልትጫወት ነው?» የምንለው ልጅ፣ ጥያቄው በወረቀት ላይ ሲሰፍር «የስዊድን ፓስፖርትህን ትመልሳለህ ወይ?» ወደሚል ይለወጥበታል። በአውሮፓ ለሚያድግ ተጫዋች ያ ፓስፖርት የእንጀራው ገመድ ነው። በጣሊያን የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ላልሆኑ ተጫዋቾች ገደብ ስላለ፣ አንድ ክለብ ችሎታቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ወጣቶች ቢቀርቡለት የአውሮፓ ፓስፖርት ያለውን ቢያስቀድም አያስደንቅም። ለብሔራዊ ቡድን መጫወት በዓመት የጥቂት ሳምንታት ሥራ ሲሆን፣ ክለብ ግን የዓመቱን ሙሉ ኑሮ ይሸፍናል። በ18 ዓመቱ፣ ገና በዋናው ቡድን አንድም ጊዜ ሳይሰለፍ፣ ይህን አመዛዝኖ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲፈርም መጠየቅ ለእኔ ከባድ መስሎ ይታየኛል።

«ፊፋ ደንቡን አላልቶ የለምን?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እውነት ነው፣ አላልቶታል። ለስፔን በ2014 እ.ኤ.አ. ከመቄዶንያ ጋር በተደረገ ማጣሪያ 13 ደቂቃ ብቻ የተጫወተው ሙኒር ኤል ሃዳዲ፣ በእነዚያ 13 ደቂቃዎች ምክንያት ለሞሮኮ መሰለፍ ተከልክሎ እስከ 2021 እ.ኤ.አ. መጠበቅ ግድ ሆኖበታል። ፊፋ በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ባደረገው ጉባኤ ደንቡን ሲያሻሽል፣ 21 ዓመት ሳይሞላው ለአንድ አገር ዋና ቡድን ከሦስት ያልበለጠ ጨዋታ ያደረገ፣ ከመጨረሻው ጨዋታው ሦስት ዓመት ያለፈውና በዓለም ዋንጫም ሆነ በአህጉር ዋንጫ ፍጻሜ ውድድር ያልተሰለፈ ተጫዋች አገር እንዲቀይር ፈቀደ። ነገር ግን አንድ ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ ተጫዋቹ ለመጀመሪያው አገር በውድድር ሲሰለፍ የሁለተኛውንም አገር ዜግነት ይዞ የነበረ መሆን አለበት። የሞሮኮ ልጅ ሁለቱንም ይዞ ይጠብቃል። የእኛ ልጅ ዝም ካለ በ19 ዓመቱ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ስለሚቆጠር፣ በ20 ዓመቱ ለስዊድን ዋና ቡድን ሁለት ማጣሪያ ተጫውቶ ከዚያ በኋላ ሳይጠራ ቢቀር ይህ በር አይከፈትለትም።

በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ፣ ማለትም በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ያለ ቪዛ ለመግባትና ለመሥራት ያገለግላል፤ ዜግነት ግን አይደለም። (ለኳስ ሰው ቢጫ ካርድ ምን ማለት እንደሆነ ሳስብ ስሙን ያወጣው ሰው ኳስ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።)

መንገዱ ጨርሶ የተዘጋ ነው ለማለት አልችልም። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በ2013 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካው ውድድር፣ በስዊድን ያደገው ዩሱፍ ሳላህና በአሜሪካ ያደገው ፉአድ ኢብራሂም በዋልያዎቹ ስብስብ ውስጥ ነበሩ። ለስዊድን ከ21 ዓመት በታች ቡድን የተጫወተው ተከላካይ ዋሊድ አታ ደግሞ በኋላ የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሷል። በሌላ በኩል ኢትዮጵያዊ ሐኪም አባት ያለው ቴዎዶር ገብረሥላሴ በ2012 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ዋንጫ ለቼክ ሪፐብሊክ ሲጫወት በቴሌቪዥን አይተነዋል። ጌድዮን ዘላለም ደግሞ በርሊን ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ፣ በአርሰናል ማሊያ የተሰለፈ ልጅ ነው፤ ለጀርመን ታዳጊዎች ተጫውቶ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ተሰለፈ። ያኔ በዚህ ከተማ ኳስ የሚታይባቸው ቤቶች ውስጥ ስለ ጌድዮን የተባለውን አስታውሳለሁ፤ «ከዳን» ያለው ሰው ጥቂት አልነበረም። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።

በጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት፣ ያው ቤት ተሰብስበን ዋልያዎቹ በካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ሲጫወቱ አየን። ያሬድ ባየህ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በቀይ ካርድ ወጣ፤ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ስለ ቀዩ ካርድ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን፤ ማን እንዳሸነፈን ግን አንድም ሰው አላነሣም። ኬፕ ቨርዴ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት የደሴቶች አገር ስትሆን፣ ቡድኗን የምትሠራው ልጆቿን በተበተኑበት እየፈለገች ነው። ተከላካዩ ሮቤርቶ ሎፔስ ደብሊን የተወለደ፣ በአየርላንድ ክለብ የሚጫወት ልጅ ነው። የኬፕ ቨርዴ አሰልጣኝ በ2018 እ.ኤ.አ. ሥራ ፈላጊዎች በሚገናኙበት በሊንክድኢን በፖርቱጋልኛ ጻፈለት፤ እርሱ የማጭበርበሪያ መልእክት መስሎት ተወው፤ ከወራት በኋላ እንደገና ጻፈለት፤ ልጁም መጣ። ያቺ አገር በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ለዓለም ዋንጫ አለፈች። እኔን የገረመኝ ሁለተኛው መልእክት ነው። እኛ ለአንዱ እንኳ ሁለት ጊዜ ብንጽፍ ኖሮ እላለሁ።

ብቸኛዋን የአፍሪካ ዋንጫችንን በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ስናነሣ፣ አምበላችን ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አሥመራ የተወለደው ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው አሁን ጥቂት ነው። በፍጻሜው ጨዋታ እርሱም ወንድሙ ኢታሎም ግብ አስቆጥረዋል።

ልጁ ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው ማታ በሐይቁ ዳር፣ በዘንባባዎቹ ሥር አብረን ሄድን። ከዘጌ በኩል ደመና ተጭኖ ነበር። እኔም እንደ ሌላው ሰው ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም ብሎ «አጎቴ፣ አንተ አሰልጣኝ ብትሆን እኔን ትመርጠኛለህ?» አለኝ። መልስ አጣሁ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለማን እንደሚጫወት ስንጠይቀው ከርመን፣ እንዴት እንደሚጫወት ግን ከመካከላችን ማንም እንዳልጠየቀው ያን ጊዜ ገባኝ። በማግሥቱ ዝናብ እየመታኝ ሜዳው ዳር ቆሜ እስኪጨርስ አየሁት። ፈጣን ነው፤ በቀኝ እግሩ ግን ኳስ ማሻገር አይችልም፤ መከላከል ላይም ይሰንፋል። ነገርሁት። አሰልጣኙም ይህንኑ እንደሚለው ነገረኝና ደስ ብሎት ገባ።

በመስከረም ከስዊድን የታዳጊዎች ቡድን ለልምምድ የሚጠራ ደብዳቤ ደረሰው፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ይዞት የሚመጣው ልብስ ሳይቀር ተጽፎበታል። ልምምድም ሆነ የወዳጅነት ጨዋታ አያስረውም፤ የሚያስረው የውድድር ጨዋታ ነው። ከዚህ በኩል የመጣለት ጥሪ የለም፤ በእርግጥ ገና 17 ዓመቱ ነውና አልፈርድም።

እህቴ የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው። ልጁ የሚወስነውን ቢወስን፣ ወረቀቱ ባለመሟላቱ ምክንያት ብቻ አንደኛው በር እንዳይዘጋበት፣ የእርሷ የልደት ምስክር ወረቀት በእጁ እንዲኖር ትፈልጋለች። እርሷ በተወለደችበት ዘመን ልደት በመዝገብ አይያዝም ነበርና ምስክሮች ያስፈልጉኛል። ሰኞ ጠዋት ወደ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ እሄዳለሁ፤ «ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት ጎረቤታችንም፣ እህቴ ስትወለድ ለእናቴ ገንፎ ይዘው መግባታቸውን አስታውሰው፣ ሊመሰክሩ አብረውኝ ይመጣሉ።