ለአምስት ሌሊት የጠፋው ባልደረባችን

ከርቀት የሚሠራ ቡድን ውስጥ ፈረቃ የማወጣው እኔ ነኝ። ስምንት ነን፤ በተለያየ አገር ነው የምንኖረው፤ አብዛኞቻችን በአካል ተያይተን አናውቅም። ሥራችን ኦንላይን ዕቃ የሚገዙ ደንበኞችን ጥያቄና ቅሬታ ማስተናገድ ነው። የማታውን ፈረቃ የሚይዘው ልጅ ዳካ፣ ባንግላዴሽ ነው ያለው። ሰዓት አክባሪ ማን ነው ብትሉኝ መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው። ዘግይቶ ገብቶ አያውቅም።

በፈረንጆቹ ጁላይ 18 ቀን 2024፣ ሐሙስ ማታ፣ ከአንዲት ደንበኛ ጋር እየተጻጻፈ ነበር። «አንድ ደቂቃ ይጠብቁኝ፣ ትዕዛዝዎን ላጣራ» ብሎ ጻፈላት። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ሴትየዋ አርባ ደቂቃ ጠብቃ፣ ሦስት ጊዜ «አሉ?» ብላ ጠይቃ፣ በመጨረሻ ቅሬታ አስገብታ ሄደች። እኔ ያንን ቅሬታ ያየሁት በማግሥቱ ጠዋት ነው። ያናደደኝም እሱ ነው። ደንበኛን ጠብቂኝ ብሎ ጥሎ መሄድ እኛ ቤት ትልቅ ጥፋት ነው።

ዓርብ አልገባም። ቅዳሜና እሑድም አልገባም። በምንጠቀምበት የመልእክት አፕ ጻፍኩለት፤ አንድ ጭረት ብቻ፣ አልደረሰም። ስልኩን አጥፍቶ ተኝቷል አልኩ በልቤ። የሰዓት መቆጣጠሪያ ሠንጠረዡ የቀረበትን ቀን በራሱ ቀይ ያደርጋል፤ ሦስት ቀይ ሲደረደር ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ለእኔ ይልካል። እሑድ ማታ ደረሰኝ። «ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ገበታዎ ላይ ባለመገኘትዎ» ይላል። አነበብኩት፣ «አጽድቅ» የሚለውን ተጫንኩና ወደ ሌላ ሥራዬ ሄድኩ። ያችን ጠቅታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ሰኞ ስብሰባ ላይ አንዷ ባልደረባችን «ዳካ ያለው ልጅ ደህና ነው ግን? አገሩ ኢንተርኔት ከተዘጋ አምስተኛ ቀኑ አይደል እንዴ?» አለች። እኔ የተማሪዎቹን ተቃውሞ በወሬ ሰምቼ ነበር። በመንግሥት ሥራ ቅጥር ላይ ያለው ኮታ ይሻሻል ብለው ነው የወጡት፤ ብዙ ሰው እንደተገደለም ይወራ ነበር። ግን ያ ዜና እና እኔ ሠንጠረዥ ላይ ያሉት ሦስት ቀይ ሳጥኖች አንድ ነገር መሆናቸው ጭራሽ አልመጣልኝም።

ልጅቷ ስክሪኗን አጋራችን። የአገሪቱን የኢንተርኔት ትራፊክ የሚያሳይ ግራፍ ነው። ክላውድፍሌር የሚባል የኢንተርኔት አገልግሎት ኩባንያ ለማንም ክፍት አድርጎ ያስቀምጠዋል። መስመሩ ቀን ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ እያለ በእኩል ሞገድ ይመጣና ሐሙስ በዳካ ሰዓት ከምሽቱ ሦስት አካባቢ ላይ ወለሉን ይመታል። እዚያው ተኝቶ ቀረ። እኔ ሌላ መስኮት ከፍቼ የደንበኛዋን ውይይት አወጣሁ። «አንድ ደቂቃ ይጠብቁኝ» ያለበትን ሰዓት ወደ ዳካ ሰዓት ቀየርኩት። ግጥም አለ። ልጁ ጥሎ አልሄደም። ትዕዛዟን እያጣራ ነው የቆረጡት።

ከዚያ ኃላፊያችን ጠየቀ፤ «ቪፒኤን መጠቀም አይችልም ነበር?» ቪፒኤን ግንኙነትን በሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር በኩል አዙሮ እገዳን የሚያልፍ መሣሪያ ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላብራራው። መንግሥታት ሦስት ዓይነት ነገር ያደርጋሉ፤ ሦስቱንም በአንድ ስም ኢንተርኔት ተዘጋ እንላለን። አንደኛው ፌስቡክን ወይም ዋትስአፕን ለይቶ ማገድ ነው፤ እዚህ ጋ ቪፒኤን ይሠራል፣ እሱንም እያሳደዱ ካላገዱት። ሁለተኛው ፍጥነቱን ማነቅ ነው፤ ኔት አለ ይባላል፣ ግን አንድ ፎቶ እንኳን አይወጣም፣ ተቃውሞውን የቀረጸው ሰው ቪዲዮው ስልኩ ላይ ታስሮ ይቀራል። ሦስተኛው ከሥሩ መቁረጥ ነው። በዓለም ላይ ያሉ ኔትወርኮች «ወደ እኔ የሚያመጣው መንገድ ይህ ነው» እያሉ እርስ በርስ ያስታውቃሉ፤ ያ ማስታወቂያ ሲነሳ ወይም ዋናው መስመር ሲዘጋ ከውጭ ለሚፈልጋችሁ የላችሁም። ግብፅ በጃንዋሪ 2011 መጨረሻ እንዲህ ነበር ከዓለም የጠፋችው፣ ለአምስት ቀን። ቪፒኤን ያለውን ኔት ተጠቅሞ ነው የሚያልፈው። ኔቱ ከሌለ በምን ይለፍ?

በባንግላዴሽ መጀመሪያ የሞባይል ዳታው ሄደ፣ ከዚያ ሐሙስ ማታ ብሮድባንዱ፣ ማለትም በመስመር ቤት የሚገባው ኢንተርኔት። ልጁ የቤቱን ራውተር ተማምኖ ነበር የገባው።

ሰኞውን ሙሉ በመደበኛ ስልክ ስደውልለት ዋልኩ። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፋይሉ ውስጥ ነበር፤ አንድ ቀን ደውዬበት አላውቅም። ከውጭ የሚደወል ጥሪም ያኔ እምብዛም አይገባም ነበርና አልተሳካም። ደብዳቤውን ሰረዝኩት፤ ግን ኢሜሉ ወጥቷል፣ ከሱ ሳጥን ውስጥ ማውጣት አልችልም።

ማክሰኞ ማታ ብሮድባንድ በከፊል ተለቀቀ። መልእክቶቹ ተጠራቅመው ኖሮ አንድ ላይ ወረዱ፦ «ኔት ጠፋብኝ፣ ደንበኛዋን ያዙልኝ»፣ «እስካሁን የለም»፣ «ሰዓት እላፊ ታውጇል፣ መውጣት አልቻልኩም»። ሁሉም ሳይላኩ ስልኩ ላይ ቆመው የቆዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሐሙስ ማታ፣ ከተቆረጠበት ሁለት ደቂቃ በኋላ የተጻፈ ነው። ከነሱ ሥር ደግሞ አዲስ መልእክት መጣ፦ «ደብዳቤው ደርሶኛል። ከሥራ ወጥቻለሁ ማለት ነው?»

አምስት ቀን ሙሉ ከዓለም ተቆርጦ ሲከርም መጀመሪያ የተከፈተለት ኢሜል የኔ ደብዳቤ ነበር።

በማግሥቱ በድምፅ አወራን። ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱ ስለ ደብዳቤው ብዙም አላወራም፤ ስለ ቆጣሪው ነው ያወራኝ። ቤታቸው መብራቱ የቅድመ ክፍያ ነው፣ የሚሞላው በስልክ ነው፣ በስልክ ገንዘብ መላክ ደግሞ ኢንተርኔት ሲሄድ አብሮ ሄዷል። ቆጣሪው ላይ የቀረችውን ቁጥር እያየ ማራገቢያውን አጥፍቶ ይተኛ ነበር፣ በዚያ በሐምሌ ሙቀት፣ እናቱ አጠገቡ እያለች። ሰዓት እላፊው ለጥቂት ሰዓት ሲላላ መብራት ኃይሉ ቢሮ ሄዶ ረጅም ሰልፍ ያዘ። ብዙ ሰው እንደሱ ጨለማን ፈርቶ መጥቷል። ኢንተርኔት ሲዘጋ ዝም የሚለው ተቃዋሚው ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ እዚያ ሰልፍ ላይ እነማን እንደነበሩ ልጁ ይንገረው።

እዚያው ሰሞን ባለሥልጣናት ለመቋረጡ ምክንያቱ እሳት ነው አሉ። በተቃውሞው መሀል የዳታ ማዕከል ተቃጥሏል፣ ኬብል ተበላሽቷል ተባለ። መንግሥት ከተቀየረ በኋላ ሚኒስቴሩ ራሱ ባደረገው ማጣራት መዘጋቱ ከእሳቱ ጋር እንደማይገናኝ፣ በትዕዛዝ እንደሆነ ተናገረ። ያን ጊዜ ግን «አይደለም» ብሎ የሚመልስ ሰው ሁሉ መናገሪያው ተዘግቶበት ነበር። እኔንም የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው። የኔ ደብዳቤ «ያለ በቂ ምክንያት» ሲል ምክንያቱን ሊነግረኝ የሚችለው አንድ ሰው አፉ ተይዞ ነበር። መንግሥቱ ኔቱን ወሰደበት፣ እኔ ደግሞ ዝምታውን እንደ ጥፋት ቆጠርኩበት። ባንግላዴሽ ውስጥ በኦንላይን የሚሠራው ወጣት ብዛቱ የትየለሌ ነው፤ ስንቱ ሥራውን በዚያ ሳምንት እንዲህ እንዳጣ ሳስበው ልቤ ይደማል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ታግዬ አስለወጥኩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በማሽን አይወጣም፤ ከመጻፉ በፊት አንድ ሰው ደውሎ፣ ካልተገኘ የአገሩን የትራፊክ ግራፍ አይቶ መፈረም አለበት። እና የተዘጋባቸው ቀናት ይከፈላሉ። ሁለተኛው ቀላል አልነበረም። ኃላፊያችን «ያልተሠራን እንዴት እንከፍላለን፣ ነገ ሁሉም ኔት ጠፋብኝ ይላል» አለ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ በጀት ያስጨንቀዋል። እኔ ግራፉን አወጣሁለት፤ አንድ ሰው ይዋሻል፣ የአንድ አገር ትራፊክ አይዋሽም አልኩት። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። ለልጁ አምስቱም ሌሊት ተከፈለው። ሁላችንም ደግሞ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አንድ የስልክ ቁጥር፣ የራሳችን ወይም የቅርብ ሰው፣ ወረቀት ላይ ጻፍን። ወረቀት ላይ ያልኩት አውቄ ነው።

ኦገስት 4፣ እሑድ፣ ስልኬ ላይ ተራ የጽሑፍ መልእክት ገባ። ከዳካ ነው። «ዳታ ጠፍቷል። ብሮድባንዱም ሊሄድ ይችላል። ካጣኸኝ ቤት ነኝ፣ እናቴም ደህና ናት።» ሰኞ ጠዋት እውነትም ብሮድባንዱ ለሰዓታት ተቋረጠ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሼክ ሃሲና አገር ጥለው የወጡበት ቀን ነው። ሠንጠረዡን ከፈትኩ። የሱን ሳጥን ማሽኑ ቀይ ሊያደርገው ሲል በእጄ ግራጫ አደረግሁትና ፈረቃውን እኔ ገባሁለት።