አዳራሹን በነፃ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር

በቅርቡ ድሬዳዋ ላይ አንድ የምሽት ጨዋታ አዘጋጅቼ ነበር። ሐረር ውስጥ ከልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰበሰበች ቦርሳና ጃኬት የምትሠራ ሴት አለች። ሥራ መጀመር ለሚፈልጉ ልጆች እንዴት እንደጀመረች ልታወራ ነው፣ በቃ ይኸው ነው። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ጣጣው ይቀርልኝ ስለነበር እኔ ልጻፈው።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። እንግዳዋን ደውዬ ጠየቅኳት፣ እሺ አለች። ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ፣ 60 ሰው ተመዘገበ፣ 40 መጣ። ሰዓቱን አመሻሽ 12 አደረግኩት። ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱም በርጫውም እያለ ሰው እሰበስባለሁ የሚል ካለ ይሞክረው።

ያቃጠለኝ አዳራሹ ነው። ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ካፌ ግቢውን በ3 ሺህ ብር ሊሰጠኝ ነበር። እኔ ብልጡ ግን አንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ በነፃ ይሰጣል ሲባል ሰምቼ እዚያ ሄድኩ። ደብዳቤ ጻፍ አሉኝ፣ ጻፍኩ። ማህተም የለውም አሉኝ። ግለሰብ ነኝ፣ የምን ማህተም? ለምኜ የአንድ ማኅበር ማህተም አስመታሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና። ነገ ስሄድ መስክ ወጥተዋል። ከዚያ ደብዳቤዬ መዝገብ ቤት ውስጥ ጠፋ፣ እንደገና ጻፍ ተባልኩ። በስድስተኛው ቀን ጸሐፊዋ «ተፈቅዶልሃል ወንድሜ፣ ግን ክቡር ኃላፊው መክፈቻ ንግግር ያደርጋሉ» አለችኝ። ደስ አለኝ እኮ! ጭራሽ ባነር ላይ ስማቸውን በትልቁ አሳተምኩ።

እንግዳዋ ሁለት ማዳበሪያ ቁርጥራጭ ይዛ፣ የደንገጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወርዳ 11 ተኩል ላይ ደረሰች። ኃላፊው ግን የሉም። ያለ እሳቸው እንዳትጀምር ተባልኩ። 12 ተኩል ሆነ፣ 1 ሰዓት ሆነ። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ ሰዓት አክባሪነቱ የት እንደወረደ እንጃ። 1:20 ላይ ገቡ። አምስት ደቂቃ የተባለው ንግግር 45 ደቂቃ ፈጀ። «ጠባቂ አትሁኑ» አሉን። ከ12 ጀምሮ የጠበቅነው እሳቸውን ነው። ፎቶ ተነስተው ሄዱ። እንግዳዋ ማይኩን ስትይዝ 2:10 ሆኗል፣ 2:30 ላይ ዘበኛው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ «አቦ፣ ልዝጋ እንጂ» አለ። እሱ ምን ያድርግ።

ወጥተን የት ሄድን? ያንኑ እምቢ ያልኩት ካፌ። ባለቤቱ ሲያየኝ ሳቀ፣ የሻይ ብቻ ነው ያስከፈለኝ።

እዚያ ነው ጨዋታው የመጣው። ማዳበሪያዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው። ሁለት ክር መዘዘችና ክብሪት ጫረች። አንዱ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ሆነ፤ ጥጥ ነው። ሌላው ቀልጦ ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ሆነ፤ ፖሊስተር ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ሳትለይ አንድ ላይ ሰፍታ፣ ጥጡ ሲታጠብ ተሰበሰበ፣ ፖሊስተሩ እንዳለ ቀረ፣ ጃኬቱ ተጨማዶ ደንበኛዋ መልሳ ወረወረችላት።

ጨርቁን የምታገኘው ሐረር፣ መኪና ግርግር የሚባል ሰፈር ነው፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ሰፊዎቹ መጀመሪያ ውሰጂልን ይሏት ነበር። ስትሸጥ ሲያዩ በኪሎ ማስከፈል ጀመሩ። ለቅሞ የመለየቱ ሥራ ደግሞ ከስፌቱ ይበልጣል፣ ልጆች ቀጥራ ነው የምታስለይ። «ነፃ ያልኩት ነገር ነው ያከሰረኝ» ስትል እኔ ሻዬ ላይ አቀረቀርኩ።

ስልጠና ላይ መጀመሪያ ቢዝነስ ፕላን ጻፉ ይሏችኋል። እሷ መጀመሪያ ለማያውቃችሁ ሰው አሥር ቦርሳ ሽጡ ነው የምትለው፣ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ከቁርጥራጭ የተሠራ መሆኑንም ደንበኛው ለብሶ መስታወት ሳያይ አትናገርም፣ ቀድማ ስትናገር «ታዲያ ትርፍራፊ ከሆነ ምን አስወደደው?» ይሏታል።

የኔ ምክር፦ ካፌውን ክፈሉ። ባለሥልጣን አትጥሩ፣ ከጠራችሁም ሰዓቱ ሲደርስ ያለ እሱ ጀምሩ። እኔ ፈርቼ ነው ያልጀመርኩት፣ እስካሁን ያናድደኛል።

ልትሄድ ስትል ባነሩን አየችው። «ይሄን ምን ታደርገዋለህ?» አለችኝ፣ ጠቅልላ ወሰደችው። ባለፈው ሳምንት የቦርሳ ፎቶ ላከችልኝ። ጎኑ ላይ «ክቡር» የሚለው ቃል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ላኪልኝ አልኳት።

«650 ብር» አለችኝ።