ንጥቀት ከመከራው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጥናቴ የደረሰበት

የመጨረሻው ዘመን ጥናትህ የት ደረሰ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ወንድሞችና እህቶች፣ ይኸው። ጥያቄው የምታውቁት ነው። ጌታ ቤተ ክርስቲያንን የሚነጥቀው፣ ማለትም አማኞችን ወደ ራሱ የሚወስደው፣ በመጨረሻው ዘመን ይመጣል ከሚባለው የሰባት ዓመት መከራ በፊት ነው? በመካከሉ ነው? ወይስ መከራው ሲያልቅ? እኔ ባደግሁባት የወንጌላውያን አጥቢያ አብዛኛው ሰው “በፊት” ይላል። ሌላ አማራጭ መኖሩን እንኳ የማያውቅ ብዙ ነው።

ስጀምር የመጨረሻውን ዘመን ቅደም ተከተል በሥዕል የሚያሳዩትን ቻርቶች ወደ ጎን አደረግሁ። ቻርት ክፍሉን ሳታነቡት መልሱን ይነግራችኋል። ይልቅ ሁለቱን የተሰሎንቄ መልእክቶች ከሰላምታቸው እስከ ቡራኬያቸው በአንድ ቁጭታ አነበብኩ። ሌላ ምንም ባታደርጉ ይህን አድርጉ።

የሐዋርያት ሥራ 17 እንደሚለው ጳውሎስ ከተሰሎንቄ የወጣው በሁከት መሐል፣ በሌሊት ነው። ትቷቸው የሄደው ገና አዲስ አማኞችን ነው። መከራ ላይ ነበሩ፤ ከመካከላቸውም የሞቱ ነበሩ። 1 ተሰሎንቄ ምዕራፍ 4 ላይ ጳውሎስ የሚመልሰው ለዚህ ሐዘን ነው። የሞቱት አይቀርባቸውም፤ እንዲያውም ቀድመው ይነሣሉ። ከዚያ በኋላ ነው “ጌታን በአየር ለመቀበል ከእነርሱ ጋር በደመና እንነጠቃለን” የሚለው። መዝጊያውም “ስለዚህ በዚህ ቃል እርስ በርሳችሁ ተጽናኑ” ነው። ስለ ንጥቀት ግልጹ ክፍል ይህ ሆኖ ሳለ፣ ከመከራው በፊት ይሁን በኋላ በቀጥታ አይናገርም። ሁላችንም ጊዜውን የምናመጣው ከሌላ ክፍል ነው።

“በፊት” የሚሉት መሠረት አላቸው። እግዚአብሔር ለቍጣ አልመረጠንም ይላል 1 ተሰሎንቄ 5፥9። በራእይ 3፥10 ደግሞ የፊልድልፍያ ቤተ ክርስቲያን በዓለም ሁሉ ላይ ሊመጣ ካለው የፈተና ሰዓት እንደምትጠበቅ ተነግሯታል። ደግሞም ጌታ በማንኛውም ሰዓት ይመጣል ብለን የምንጠብቅ ከሆነ፣ ቀድመው መፈጸም ያለባቸው ምልክቶች እንዴት ይኖራሉ? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

“በኋላ” የሚሉት ማቴዎስ 24፥29ን ይዘው ይነሣሉ። “ከዚያች ወራትም መከራ በኋላ ወዲያው” ይልና መለከቱንም የተመረጡትን መሰብሰብም ከዚያ ያመጣል። 2 ተሰሎንቄ 2ም የጌታ መምጣትንና የእኛን መሰብሰብ አንድ ላይ ጠርቶ፣ የዓመፅ ሰው ሳይገለጥ ያ ቀን አይመጣም ይላል። ጥበቃ ማለት የግድ መውጣት አይደለም ይላሉ፤ ጌታ ራሱ በዮሐንስ 17፥15 ከዓለም እንዲወጡ ሳይሆን ከክፉ እንዲጠበቁ ነው የለመነው። “በመካከል” የሚሉትም ሰባቱን ዓመት በሦስት ዓመት ተኩል ከፍለው የራእይን ሰባተኛ መለከት ጊዜ ይጠቅሳሉ። እዚያ ብዙ አልቆየሁም።

ጥናቴን የቀየረው ከዚህ በኋላ ያገኘሁት ነገር ነው። ሁለቱ ወገኖች ያንኑ ማቴዎስ 24ን አንብበው እንዴት ይለያያሉ? ብዬ ስከታተል ሥሩ ሌላ ቦታ ሆኖ አገኘሁት። ጥያቄው “እስራኤልና ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሕዝብ ናቸው ወይስ አንድ?” ነው። ሁለት ናቸው ካላችሁ፣ የዳንኤል 9 ሰባኛው ሱባዔ፣ ማለትም የመጨረሻው ሰባት ዓመት፣ የእስራኤል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ቀድማ ትወጣለች፤ ማቴዎስ 24 የሚናገረውም በመከራው ውስጥ ላሉ አይሁድ አማኞች ይሆናል። አንድ ናቸው ካላችሁ፣ የተመረጡት የተባሉት እኛም ነን፤ መከራውም ይነካናል። ከዚህ ወዲህ ማንኛውንም ስብከት ስሰማ መጀመሪያ የምፈልገው ሰባኪው ለዚህ ጥያቄ የሰጠውን መልስ ነው። አብዛኛው ክርክር ከዚያ በኋላ ግልጽ ይሆናል።

ይህ ልዩነት ፊት ለፊት የተጋጨበትን ቦታ ፍለጋ እንግሊዝ ደረስኩ፤ ፕሊማውዝ ከተማ። (ከዚህ በታች ያሉት የውጭ አገር ቀኖችና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጆን ኔልሰን ዳርቢ የአየርላንድ አንግሊካን ቄስ ነበር። ያንን ትቶ “ወንድሞች” (ብሬዝረን) ከሚባለው የአማኞች ጉባኤ ጋር ተቀላቀለ። ከ1831 ጀምሮ በአየርላንድ በፓወርስኮርት በተደረጉ የትንቢት ጉባኤዎች ዋና ተናጋሪ ሆነ። ከመከራው በፊት ንጥቀት የሚለውን ትምህርት ሥርዓት አስይዞ ያስፋፋው በዋናነት እሱ ነው። በፕሊማውዝ ግን ቤንጃሚን ዊልስ ኒውተን ነበር፤ የዳርቢ የቅርብ ወዳጅ። ኒውተን አልተቀበለውም። ማቴዎስ 24ን ለአይሁድ ብቻ ከሰጠን፣ ከወንጌል ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን ምን ይቀራል? የሚል ስጋት ነበረው። ታዋቂው የአዲስ ኪዳን የእጅ ጽሑፎች ሊቅ ሳሙኤል ትሬጌልስም ከኒውተን ጋር ቆመ። በ1845 ዳርቢና ኒውተን በይፋ ተለያዩ፤ በ1848 መለያየቱ ወደ ሌሎች ጉባኤዎችም ተዛመተ።

እውነቱን ለመናገር መለያየቱ በንጥቀት ብቻ አልነበረም። የጉባኤ አመራር ጥያቄ ነበር፤ ኒውተን ስለ ክርስቶስ መከራ ያስተማረው ስሕተትም ነበር፤ እሱም በኋላ ስሕተቱን አምኖ ጽፏል። ቢሆንም አንብቤ ስጨርስ በጣም አዘንኩ። አብረው እንጀራ የቆረሱ፣ ጌታን ከልብ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ይህን ታሪክ በየአጥቢያችን ብናስተምረው ደስ ይለኛል።

ትምህርቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ውስጥ የገነነው በስኮፊልድ ማብራሪያ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ በ1909 ታተመ። ማብራሪያው ከቅዱሱ ቃል ጋር በአንድ ገጽ ላይ መሆኑ ኃይሉ ነበር። የስኮፊልድ ደቀ መዝሙር ሉዊስ ቼፈር በ1924 የዳላስ ሴሚናሪን መሠረተ። በ1956 የፉለር ሴሚናሪው ጆርጅ ላድ “በኋላ” የሚለውን ደግፎ ጻፈ፤ በ1957 የዳላሱ ጆን ዋልቮርድ “በፊት” የሚለውን ተከላክሎ ጻፈ። እንግሊዝኛ የምታነቡ ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቡ። ዩቲዩብ ላይ ከሚደረገው ጩኸት እጅግ ይሻላል።

ጌታ የሚመጣበትን ቀን የቆረጡትን በአጭሩ ልለፋቸው። ዊልያም ሚለርን የተከተሉት ጥቅምት 22 ቀን 1844ን ጠበቁ፤ ሃሮልድ ካምፒንግ ግንቦት 21 ቀን 2011ን አወጀ። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን ለማስታወቂያ ያፈሰሱ ነበሩ። ማቴዎስ 24፥36 ለዚህ በቂ መልስ ነው።

ወደ አገራችን ስመለስ የከበደኝ ጥያቄ ሌላ ነው። በደርግ ዘመን በእምነታቸው የታሰሩ አንድ አባት በጥናታችን መሐል “ልጄ፣ ከመከራ በፊት እንወጣለን ስትሉ የኛ ምን ነበር?” አሉኝ። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገድለዋል። ለዚያ ትውልድ መከራ ወደፊት የሚመጣ ነገር ብቻ አይደለም። “በፊት” የሚሉ መምህራን መልስ አላቸው፤ በዓለም ያለው መከራና የእግዚአብሔር ቍጣ ይለያያሉ ይላሉ። ትክክለኛ ልዩነት ነው። ግን አማኙን “አንተ አትነካም” ብለን ካስተማርነው፣ መከራ ሲመጣ እምነቱን በምን እናጸናዋለን? ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ንጥቀትን የሚያስተምር ሰው ሥራውን ጨርሷል ብዬ አላምንም።

ኦርቶዶክስ የሆነችው አክስቴ ደግሞ ክርክሩን ስነግራት ገረማት። እነሱ በዐቢይ ጾም እኩሌታ በደብረ ዘይት እሑድ ይህንኑ ማቴዎስ 24ን ያነባሉ። ትምህርቱ አንድ ዳግም ምጽአት፣ ትንሣኤ ሙታንና ፍርድ ነው፤ ከዚያ ቀድሞ የሚመጣ ለብቻው የሆነ ንጥቀት የለም። “በሕያዋንና በሙታን ይፈርድ ዘንድ” የሚለውን ጸሎተ ሃይማኖት እኛም እንቀበላለን። ከእሷ ጋር ያለን የጋራ መሬት ካሰብኩት በላይ ሰፊ ነው።

አሁን የቆምኩት እዚህ ነው። አንድ መምጣት፣ ከመከራው በኋላ ወደሚለው አዘንብያለሁ፤ 2 ተሰሎንቄ 2ን ሌላ ቦታ ማድረግ አልቻልኩም። ገና ያልፈታሁት ከ“በፊት” ወገን የመጣ ጠንካራ ጥያቄ አለ። አማኞች ሁሉ በመጨረሻው ቀን ከተለወጡ፣ ዓመፀኞችም ከተፈረደባቸው፣ በራእይ ምዕራፍ 20 በተነገረው የክርስቶስ የሺህ ዓመት መንግሥት ውስጥ የሚወልዱና የሚሞቱ ሰዎች ከየት ይመጣሉ? ኢሳይያስ 65፥20 በመቶ ዓመቱ ስለሚሞት ሰው ይናገራልና። ቀጥሎ የማነበው እሱን፣ ዘካርያስ 14ንና ሮሜ 9 እስከ 11ን ነው። “በፊት” የምትሉ፣ በዚህ ክፍል ላይ ያላችሁን ጥሩ ክርክር ላኩልኝ፤ ከሮሜ በፊት እሱን አነባለሁ።