ትንበያው «30 ሴንቲሜትር» ሲል

ስልኬ ላይ «30 ሴንቲሜትር አዲስ በረዶ» የሚል ትንበያ አይቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በሚታሰር ረጅም መንሸራተቻ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ገና ሳይነጋ መንገድ ጀመርኩ። ስደርስ መኪና ማቆሚያው ላይ ዝናብ ይዘንባል። ሰው በገመድ ወደ ላይ የሚያወጣው ሊፍት ተራራው ወገብ ላይ ሲደርስ ዝናቡ በረዶ ሆነ፤ ግን ውሃ የጠጣ፣ ስኪው ሥር የሚጣበቅ በረዶ። ወደ ጫፍ የሚወስደው ሊፍት ደግሞ በነፋስ ምክንያት ተዘግቷል። ትንበያው አልተሳሳተም። 30 ሴንቲሜትሩ ወርዷል። የወረደው ግን እኔ ልደርስበት የማልችለው ጫፍ ላይ ነው።

በማግስቱ አንድ ትንሽ ደብተር ገዛሁ። በግራው ገጽ ትንበያው ያለውን፣ በቀኙ ደግሞ ሄጄ ያገኘሁትን እጽፋለሁ። ይኸው አራተኛ ወቅቴ ነው። ዛሬ ስለ በረዶ የማውቀውን አብዛኛውን ያስተማረኝ ያ ደብተር ነው።

መጀመሪያ የለመድኩት ከሴንቲሜትሩ በፊት የዜሮ ዲግሪውን ከፍታ ማየት ነው። አየሩ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል። ታች 1,500 ሜትር ላይ 3 ዲግሪ ከሆነ፣ 2,500 ሜትር ላይ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይሆናል። ዜሮው የሚያርፈው 1,950 ሜትር አካባቢ ነው ማለት ነው። በረዶው ግን ዜሮን እንዳለፈ ወዲያው አይቀልጥም። አብዛኛውን ጊዜ ሌላ 200 ወይም 300 ሜትር ወርዶ ነው ዝናብ የሚሆነው። ዶፍ ሆኖ ሲወርድ ደግሞ የሚቀልጠው በረዶ ራሱ የአየሩን ሙቀት ስለሚወስድ መስመሩ ከዚያም በታች ይወርዳል። ታች ሲዘንብ ቆይቶ ድንገት ወደ በረዶ የሚቀየረው ለዚህ ነው። ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ ወይ እቀራለሁ፣ ወይ ሌላ ከፍ ያለ ቦታ እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ነፋስ በሌለበት፣ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። ያኔ ታች ብርዱ አጥንት ሲሰብር ላይ ይሞቃል። ስሌቱ ይገለበጣል።

ሁለተኛው የገባኝ ነገር ትንበያው ከሥሩ የሚቆጥረው ውሃ መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ ይህን ያህል ሚሊሜትር ውሃ ይወርዳል ይላል። ወደ ሴንቲሜትር የሚቀየረው ከዚያ በኋላ ነው። በተለመደው ስሌት 1 ሚሊሜትር ውሃ 1 ሴንቲሜትር በረዶ ይሆናል። ብርዱ ሲበረታ ግን ያው ውሃ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ሊወጣው ይችላል። ወደ ዜሮ ሲጠጋ ደግሞ ከአንድም ያንሳል። ስለዚህ አሁን ሚሊሜትሩንና ሙቀቱን ጎን ለጎን አያለሁ።

እዚህ ላይ ቋንቋችን አስቸግሮኝ ነበር። ከሰማይ የሚወርደው ጠጠርም በረዶ ነው፣ ብርጭቆ ውስጥ ያለውም በረዶ ነው፣ ይህኛውም በረዶ ነው። ደብተሬ ላይ የራሴን ስሞች ማውጣት ነበረብኝ። ደረቁንና ለስላሳውን «ባዘቶ» አልኩት። እርጥቡንና ከባዱን «ሊጥ»። ላዩ ደርቆ ሲረግጡት የሚሰበረውን «ቅርፊት»። ቀልጦ መልሶ የጠነከረውን «መስተዋት»። ስም ካወጣሁላቸው ወዲህ ልዩነታቸው በደንብ ይታየኛል። ከሊፍት እንደወረድኩ አንድ እፍኝ አነሳና በጓንቴ እጨብጠዋለሁ። ጣቶቼ መሐል ፈስሶ ከበነነ ባዘቶ ነው። ኳስ ሆኖ ጓንቴን ካረጠበው ሊጥ ነው፤ ያን ቀን ጉልበቴን ቆጥቤ በማሽን የተደለደለው መስመር ላይ እውላለሁ።

የነፋስን ነገር የተማርኩት ትንሽ በረዶ በወረደበት ቀን ነው። ሪፖርቱ 12 ሴንቲሜትር ይላል። የተራራው ጀርባ ላይ ስወጣ ግን ድንጋዩ አፍጥጧል፤ ነፋሱ ጠርጎታል። ከጫፉ ወዲያ፣ ነፋሱ በማያገኘው በኩል ስወርድ በረዶው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። የተጠረገው ሁሉ የተከመረው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ከየት አቅጣጫ እንደነፈሰ ሳላይ አልወጣም። ከምዕራብ ከነፈሰ ክምሩን በምሥራቅ በኩል እፈልጋለሁ።

ነገር ግን የሚደረመሰውም ያው ክምር ነው። ከተፈቀደው መስመር ውጭ መውጣት የሚያስብ ሰው የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው፤ በአውሮፓ ከ1993 ጀምሮ የጋራ ሆኗል። 3 ቁጥር መሐል ላይ ስላለ ብዙዎች «መካከለኛ ነው» ብለው ይወጣሉ። ብዙ ሰው የሚሞተው ደረጃው 3 በሆነባቸው ቀናት ነው። ናዳ የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ለስኪ ልብ የሚሰርቀውም ያው ቁልቁለት ነው። እኔ ሥልጠና እስክወስድ ድረስ ከመስመር አልወጣሁም። እናንተም አትውጡ።

የጠዋቱን ሪፖርት ማንበብም የራሱ ጥበብ አለው። «በ24 ሰዓት 20 ሴንቲሜትር» ሲል ዋናው ጥያቄ መቼ ወረደ የሚለው ነው። ትናንት ቀን ላይ ከወረደ ሰው ሁሉ ሲመላለስበት ውሏል። የሌሊቱ ቁጥር ለብቻው ካለ እሱን ነው የማምነው። አጠቃላይ ጥልቀቱ ደግሞ የሚነግረኝ ድንጋይና ጉቶ መሸፈኑን እንጂ ላዩ ምን እንደሚመስል አይደለም። ካሜራ ካለ ከሁሉ ይበልጣል። መለኪያው ዘንግ ላይ በረዶው ስንት ቁጥር ጋ እንደደረሰ፣ የጥዶቹ ቅርንጫፍ ነጭ መሆኑንና አለመሆኑን አያለሁ። ሌሊት በረዶ ወርዶ ጥዱ ባዶ ከሆነ ነፋስ ነበር ማለት ነው፤ ወይም ሞቆ ቀልጧል።

ስንት ቀን ቀደም ብዬ ልመን? የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ዓለሙን 9 ኪሎሜትር ገደማ በሆኑ ካሬዎች ከፍሎ ነው የሚያሰላው። ጂኤፍኤስ የሚባለው የአሜሪካው የትንበያ ሞዴል ደግሞ በ13 ኪሎሜትር ገደማ። በዚያ ስፋት ውስጥ ጫፍና ሸለቆ ተደባልቀው አንድ ለስላሳ ኮረብታ ይሆናሉ። ስለዚህ ከአምስት ቀን በላይ ያለውን «ምናልባት» ብዬ አልፈዋለሁ። ሦስት ቀን ሲቀረው ሁለቱን አስተያያለሁ። ከተስማሙ ቦርሳዬን አዘጋጃለሁ። አንዱ 5 ሌላው 40 ካለ እጠብቃለሁ።

ወቅቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ደግሞ የምጠብቀው ሰዓት ነው። ቀን የቀለጠው ሌሊት መስተዋት ይሆናል። ሰማዩ ከጠራ ይጠነክራል፤ ደመና ከሸፈነው ሙቀቱን ስለሚይዘው ጠዋትም ሊጥ እንደሆነ ይቆያል። ከጠራ ሌሊት በኋላ ማለዳ አልሮጥም። ፀሐይ መጀመሪያ የምታገኘው የምሥራቁን ተዳፋት ስለሆነ ላዩ እስኪላላ ጠብቄ እዚያ እጀምራለሁ። ከዚያ ፀሐይዋን ተከትዬ ወደ ደቡብ፣ በኋላም ወደ ምዕራብ እዞራለሁ። ያኔ በረዶው እንደ ደቃቅ ጨው ከስኪው ሥር ይንሿሿል።

የደብተሬ የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል። ግራ፦ «8 ሴንቲሜትር፣ ጫፉ ላይ ከዜሮ በታች 9፣ ነፋስ ቀላል፣ ሌሊት የሚወርድ።» ቀኝ፦ «ባዘቶ። ጥዶቹ ሁሉ ነጭ። በሰሜኑ ተዳፋት እስከ ከሰዓት አልተበላሸም። ሰው ጥቂት ነበር።»