ፎሎወር የመጣልኝ ስለ ተበላሸ ዚፕ ካወራሁ በኋላ ነው

"ቆይ ግን ይሄን ሁሉ ሰው እንዴት ሰበሰብሽው?" እያላችሁ በኢንቦክስ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል፣ እና ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቲክቶክ የከፈትኩት ስራዬን ላሳይ ብዬ ነበር፣ ያለቀለትን ቀሚስ አሻንጉሊት ላይ አለብስና ሙዚቃ ከኋላ ጨምሬ እለቀዋለሁ፣ በቃ ሁሌም ያው ነው፣ ቀሚስ፣ ሙዚቃ፣ ሀሽታግ። ስድስት ወር ሙሉ እንደዛ ሰራሁ፣ የሚያዩልኝ እህቴና ጓደኞቿ ናቸው። ስራው ቆንጆ ነው እኮ፣ እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን አንድ የማያውቀኝ ሰው አይቶ "ያምራል" ብሎ ያልፋል፣ ነገ ተመልሶ የሚመጣበት ምንም ምክንያት አልሰጠሁትማ።

መሀል ላይ ተስፋ ስቆርጥ ፎሎወር ገዛሁ። አዎ ገዛሁ፣ እናንተ እንዳትገዙ ብዬ ነው የምነግራችሁ። ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ዘለለ፣ ቪው ግን ጭራሽ ከበፊቱም ወረደ። አልጎሪዝሙ፣ ማለትም ቪዲዮ ለማን እንደሚታይ የሚወስነው ሲስተም፣ የምትለቁትን ቪዲዮ መጀመሪያ ለጥቂት ሰው ያሳየዋል፣ እነሱ እስከ መጨረሻው ካዩት፣ ሼር ካረጉት፣ ኮሜንት ከጻፉ ለሌላ ሰው ያወጣዋል፣ የተገዛው አካውንት ደግሞ ከጀርባው ሰው የለም፣ አያይም፣ አይስቅም፣ አይጠይቅም። ቲክቶክም ዩቲዩብም በህጋቸው የከለከሉት ነገር ነው፣ ሲደርሱበት ያጠፉታል። አካውንቱን ትቼ ከዜሮ ጀመርኩ፣ ያን ቀን አልቅሻለሁ።

ነገሩ የተቀየረው በአንድ ኮሜንት ነው። አንዷ "የጃኬቴ ዚፕ ይዘጋል ግን ከኋላው እየተከፈተ ይመጣል፣ ልጣለው እንዴ?" ብላ ጻፈች። ቲክቶክ ላይ ለኮሜንት በቪዲዮ መመለስ ይቻላል፣ ጥያቄዋ ቪዲዮው ላይ ተለጥፎ ይታያል፣ እኔም እሱን ነክቼ ቀረጽኩ። ፊቴ አይታይም፣ እጄና ጃኬቱ ብቻ። መጀመሪያ ዚፑን ዘግቼ ከኋላው ፍርክስ ሲል አሳየሁ፣ ቀጥሎ አስረዳሁ፣ ብዙ ጊዜ ጥርሶቹ ምንም አልሆኑም፣ የላላው ስንዘጋና ስንከፍት የምንጎትተው ተንሸራታቹ ነው፣ ጥርሶቹን አጥብቆ አያያይዛቸውም። ስለዚህ በፒንሳ ግራና ቀኙን ቀስ አርጎ ጠበቅ ማረግ፣ መሞከር፣ ካልያዘ ትንሽ መድገም፣ ከበዛ ግን ይሰበራል ወይ መንሸራተት እምቢ ይላል። አለቀ፣ 38 ሰከንድ ነው።

ያ ቪዲዮ ሰው አየው፣ ከቪውው በላይ ግን የገረመኝ ሴቭ ያረገው ሰው ብዛት ነው፣ ሰው ሴቭ የሚያረገው ነገ ይጠቅመኛል ብሎ ነው። እና ከስር ያሉት ኮሜንቶች! የፕላስቲክ ቢሆንስ፣ ጥርሱ ቢወልቅስ፣ የቦርሳ ቢሆንስ። ደብተር ገዛሁና እያንዳንዱን ጥያቄ መጻፍ ጀመርኩ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ "ዛሬ ምን ልልቀቅ" ብዬ ተጨንቄ አላውቅም። ከሁሉም አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብትሉኝ ደብተሩን ነው የምሰጣችሁ።

ዩቲዩብ ስጀምር ሌላ ነገር ተማርኩ። ዩቲዩብ ስቱዲዮ የሚባለው የቻናሉ መቆጣጠሪያ ውስጥ ሰው የቱ ሰከንድ ላይ ጥሎ እንደሚወጣ የሚያሳይ ግራፍ አለ፣ ከፍቼ ሳየው መስመሩ ገና መጀመሪያው ላይ ቁልቁል ወርዷል፣ እኔ "ሰላም ውድ ተመልካቾቼ እንዴት ናችሁ" እያልኩ ባለሁበት። ከበደኝ፣ ሰላም ሳልል መጀመር ትዕቢት ይመስለኛል፣ ግን ሰውዬው የተቀደደ ሱሪ ይዞ ነው የመጣው፣ መጀመሪያ ሱሪውን ልየው። አሁን ሰላምታውን መጨረሻ ላይ አረኩት።

ገንዘብን በተመለከተ ብዙ ሰው ሲሳሳት አያለሁ፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ እንዲከፍላችሁ 1,000 ሰብስክራይበር ያስፈልጋል፣ ከዛ ላይ ወይ በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት፣ ወይ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ፣ የአጫጭሮቹ ቪዲዮዎች፣ ቪው። እኔ ሾርትስ እየለቀኩ ሰዓቱ እየሞላልኝ መስሎኝ ነበር፣ ሾርትስ ፊድ ላይ የሚታየው ግን 4,000 ሰዓቱ ውስጥ አይቆጠርም። ወራት አለፈብኝ። ረጅም ቪዲዮ የጀመርኩት ከዛ በኋላ ነው፣ የሱሪ ጫፍ ማሳጠር ከመለካት እስከ መተኮስ ቪዲዮውን ሳልቆርጥ።

ካሜራ አትግዙ፣ ስልካችሁ ይበቃል፣ መስኮት አጠገብ ቅረጹ። ድምጽ ላይ ግን አትሳሱ፣ ሰው የደበዘዘ ምስል ይታገሳል፣ የማይሰማ ድምጽ ግን አይታገስም፣ እኔ የማሽኑ ጩኸት ስለሚያስቸግር መጀመሪያ እቀርጽና በኋላ ጸጥ ባለ ቦታ እናገርበታለሁ። ድምጽ ዘግቶ የሚያይም ብዙ ስለሆነ ጽሁፍ አስገቡበት። በየቀኑ መልቀቅንም ሞክሬ አንድ ወር ሳይሞላኝ ማሽኑን ማየት አስጠላኝ፣ አሁን ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አራት እቀርጽና በሳምንት ሁለት እለቃለሁ።

ተራ የያዘው የደብተሩ ጥያቄ "ማሽኔ ከስር ክር ይቆላልፍብኛል" የሚል ነው። ሰው ሁሉ የታችኛውን ክር ይነካካል፣ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው፣ ጨርቁን የሚጫነው የማሽኑ እግር ወርዶ እያለ የላይኛው ክር ከተሰካ የክር ማጥበቂያው ውስጥ አይገባም። እግሩን አንስታችሁ እንደገና ስኩት። ቅዳሜ እቀርጸዋለሁ።