ዕቃው የተሞከረው በማን ቆዳ ላይ ነው?

አንድ ኩባንያ በማስታወቂያው ላይ ጥቁር ሰው ሲያሳይ ብዙዎቻችን ደስ ይለናል፤ ደስታውም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዓይናችንን ከማስታወቂያው አንሥተን ወደ ዕቃው ራሱ ማዞር እንዳለብን አጥብቄ አምናለሁ። በሣጥኑ ላይ የሚታየውን ፊት በአጭር ጊዜ መለወጥ ይቻላል፤ ዕቃው ሲሠራ የማን ቆዳ እንደ ልክ ተወሰደ የሚለው ጥያቄ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይነሣ ይቀራል።

ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየኝ የፎቶግራፍ ፊልም ታሪክ ነው። የአሜሪካው ፊልም አምራች ኮዳክ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ይልክ ነበር። በካርዱ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ስትሆን፣ ካርዱም «ሸርሊ» በሚል የሴት ስም ይጠራ ነበር። ባለሙያው የሴትየዋ ቆዳ አምሮ እስኪታየው ድረስ ማሽኑን ያስተካክላል፤ የሌላው ሰው ሁሉ ፎቶ የሚታተመውም በዚያው ልክ ነው። በዚህ ምክንያት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች አብረው በተነሡት የክፍል ፎቶ ላይ የነጮቹ ፊት ጥርት ብሎ ሲወጣ፣ የጥቁሮቹ ፊት ከዓይናቸውና ከጥርሳቸው በቀር ምንም እስከማይለይበት ድረስ ይጨልም ነበር። ጉዳዩን ያጠኑት ካናዳዊት ምሁር ሎርና ሮት እንደጻፉት፣ ፊልሙ የቡናማን ልዩ ልዩ ደረጃ አጣርቶ እንዲያሳይ ኩባንያውን የገፋፉት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ፤ የወተት ቸኮሌት ከጥቁር ቸኮሌት፣ አንዱም የእንጨት ዓይነት ከሌላው በፎቶ አልለይ ስላላቸው አቤት አሉ። የልጆቻቸው መልክ በፎቶ ላይ የጠፋባቸው ወላጆች ሊያገኙት ያልቻሉትን መፍትሔ ለቁም ሣጥንና ለከረሜላ የተደረገው ጥረት አመጣላቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይቆስላል።

የሱቅ መደርደሪያዎችም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። ባንድ ኤይድ የተባለው የቁስል ፕላስተር እ.ኤ.አ. በ1920 ተፈለሰፈ፤ ነጣ ባለ ቆዳ ላይ እንዳይታይ ተብሎ የተመረጠው ቀለም በጠይም ክንድ ላይ ከሩቅ ይታያል። አምራቹ የተለያየ ደረጃ ያላቸውን ቡናማ ፕላስተሮች እንደሚያወጣ በሰፊው ያስታወቀው በ2020 ነበር። ሶማሊያዊቷ ሞዴል ኢማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥራ ስትጀምር፣ የመዋቢያ ባለሙያው የራሷን ፋውንዴሽን (ከቆዳ ቀለም ጋር የሚመሳሰል የፊት መቀቢያ) ይዛ መጥታ እንደሆነ እንደጠየቃት ደጋግማ ተናግራለች፤ በ1994 የራሷን የመዋቢያ ድርጅት አቋቋመች። ዘፋኟ ሪሃናም በ2017 ፌንቲ ቢዩቲ በተባለው የመዋቢያ ድርጅቷ በኩል ፋውንዴሽን በ40 ዓይነት የቆዳ ቀለም ስታቀርብ፣ ብዙ ተፎካካሪዎች ምርጫቸውን ለማስፋት ተገደዱ። ከዚያ በፊት ይሰጥ የነበረው ምክንያት ገዢው ጥቂት ነው የሚል ነበር። ነገር ግን ያልቀረበን ዕቃ ማንም ሊገዛው አይችልም፤ አለመሸጡ ተመልሶ ፈላጊ ለመጥፋቱ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ደግሞ ጥፋቱ በገዢው ላይ ተላከከ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የልጆችን ልብ እንዴት እንደሚነካ ኬኔት እና ማሚ ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሳይተዋል። በቆዳና በፀጉር ቀለም ብቻ የሚለያዩ አሻንጉሊቶችን ለጥቁር ሕፃናት ሲያቀርቡ፣ አብዛኞቹ ጥሩ ብለው የመረጡት ነጩን ነበር፤ ቀጥሎ «አንተን የሚመስለው የትኛው ነው?» ሲባሉ ያለቀሱም ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 የትምህርት ቤት የዘር መለያየትን ሲሽር ይህን ጥናት ጠቅሷል።

የማያ ገጽ ምስል ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ጥቁሯ ተዋናይት ኒሼል ኒኮልስ እ.ኤ.አ. በ1966 በጀመረው፣ ስለ ጠፈር መርከብ ጉዞ በሚተርከው የቴሌቪዥን ድራማ ስታር ትሬክ ላይ የመኮንን ሚና ነበራት፤ ሥራውን ልትተው ስታስብ እንድትቀጥል የመከራት ማርቲን ሉተር ኪንግ መሆኑን ተናግራለች። በልጅነቷ እርሷን ታይ የነበረችው ሜይ ጀሚሰን በ1992 ወደ ጠፈር የተጓዘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች። ነገር ግን ኒኮልስ የተሰጣት በመርከቡ ላይ እውነተኛ የሥራ ድርሻ ነበር፤ ከማስታወቂያ ጥግ ላይ ለማሟያ ከቆመ ሰው የምትለየውም በዚህ ይመስለኛል።

ዛሬ የሸርሊን ካርድ ቦታ የያዙት ኮምፒውተሮች የሚማሩባቸው የፎቶ ስብስቦች ናቸው። የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ ጆይ ቡዎላምዊኒ እና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ጾታን ከፊት ምስል የሚለዩ፣ ለገበያ የቀረቡ የኮምፒውተር ሥርዓቶችን መርምረው ነበር። ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ብዙ ሰው ከፋርማሲ የገዛው፣ ጣት ላይ ተሰክቶ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያም እንዲሁ ነው፤ ብርሃንን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ስለሚሠራ የቆዳው ቀለም ንባቡን ሊያዛባው ይችላል። በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ መሣሪያው ሳያሳየው የሚያልፈው አደገኛ የኦክስጅን ማነስ በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮች ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሚደጋገም አመለከተ። የዚያች አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2013 ያወጣው መመሪያ ለመሣሪያው ሙከራ ቢያንስ 2 ወይም ከተሳታፊዎቹ 15 በመቶ (ከሁለቱ የሚበልጠው) የሚሆኑ ጠቆር ያሉ ሰዎች እንዲካተቱ የሚመክር ነበር። ሁለት ሰው! በመድኃኒት ፓኮ ላይ ጎንዮሽ ጉዳቱ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ ቆዳን የሚነካ ወይም በቆዳ የሚያነብ ዕቃ ሁሉ በየትኞቹ የቆዳ ቀለሞችና በምን ያህል ሰው ላይ እንደተሞከረ ማሸጊያው ላይ በግልጽ እንዲጻፍ በሕግ መጠየቅ አለበት።